ተራራማ ተፋሰስን መጠበቅ፦ የመሬት ናዳን፣ ጎርፍንና ደለልን በቀበሌ ደረጃ የመከታተያና የመቀነሻ መመሪያ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰው የመሬት ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ሳይሆኑ፣ ጎረቤቶቻቸውን ከጭቃው ለማውጣት ሲረባረቡ ከላይ በወረደው ሁለተኛ ናዳ የተዋጡ ናቸው። የገጠሩ ሰው ለጎረቤቱ ለመድረስ ቆም ብሎ እንደማያስብ እናውቃለን፤ ይህ ደግነት ሰውን ለሞት እንዳይዳርግ ግን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። መመሪያው የተዘጋጀው ለልማት ሠራተኞች፣ ለቀበሌ አመራሮችና ለዕድር ዳኞች ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው ችካል፣ ሜትር፣ ጣሳ፣ ደብተርና ደብተሩን በየዕለቱ የሚሞላ ታማኝ ሰው ነው።

ናዳ፣ ጎርፍና ደለል በየመሥሪያ ቤቱ ተለያይተው ቢያዙም በተፋሰሱ ውስጥ ግን የአንድ ሂደት ክፍሎች ናቸው። ከላይ የተናደው አፈር ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደለል ይሆናል፤ ደለሉ የወንዙን አልጋ ከፍ ሲያደርገው አምና ከዳር ያላለፈው የውኃ መጠን ዘንድሮ ማሳና ቤት ውስጥ ይገባል፤ ጎርፉም በተራው የተዳፋቱን ግርጌ እየሸረሸረ ሌላ ናዳ ያስከትላል። ስለዚህ ተፋሰስን የሚጠብቅ ሰው በየቦታው ሊጠይቀው የሚገባው ቀዳሚ ጥያቄ ውኃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው።

ተፋሰሱን በእግር ማየት

የመጀመሪያው ሥራ የአደጋ ቦታዎችን በንድፍ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። ዋናው ዝናብ ክረምት በሆነበት አካባቢ ይህ በግንቦት ወር ቢከናወን ይበቃል። እንደ ጎፋ፣ ወላይታና ዳውሮ ባሉ የበልግ ዝናብ በሚበረታባቸው አካባቢዎች ግን መሬቱ ሐምሌ ሲደርስ አስቀድሞ ውኃ ጠጥቶ ስለሚቆይ፣ ጉብኝቱ በጥር ወይም በየካቲት መጠናቀቅ ይኖርበታል። ከጎብኚዎቹ ጋር አካባቢውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ አዛውንቶችና ውኃ የሚቀዱ ሴቶች አብረው ይሂዱ፤ የትኛው ማሳ ከዚህ በፊት እንደተንሸራተተ የሚያስታውሱት አዛውንቶቹ ናቸውና፣ የትኛው ምንጭ በድንገት እንደፈላ ወይም እንደጠፋ ደግሞ ከማንም በፊት የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው።

በጉብኝቱ ወቅት በተዳፋቱ አናት ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ስንጥቅ ወይም ደረጃ የሠራ መሬት፣ በግርጌው ደግሞ አብጦ ወደ ፊት የተገፋ አፈር መኖሩ ይታያል። ዳገት ላይ ውኃ የሚያቁሩ ጉድጓዳማ ቦታዎች፣ ከሥራቸው ጎብጠው ወደ ላይ የቀኑ ዛፎች፣ ያዘነበሉ የመብራት ምሰሶዎች፣ ግድግዳቸው የተሰነጠቀና በራቸው አልዘጋ ያለ ቤቶችም እንዲሁ ይመዘገባሉ። ድንጋዩን መመልከትም ይጠቅማል። በአብዛኛው የደጋ መሬታችን የባዛልት ድንጋይ ንብብር እርስ በርሱ የተደራረበ ሲሆን፣ በንብብሮቹ መካከል ከእሳተ ገሞራ አመድ የተገኘ ወይም ቀይ የሸክላ አፈር ይገኛል። ውኃ በተሰነጣጠቀው ባዛልት ውስጥ በቀላሉ ሰርጎ ይወርዳል፤ ሸክላው ላይ ሲደርስ ግን ማለፍ ስለማይችል ተጠራቅሞ ንብብሩን ያለሰልሰዋል። ዳገት ላይ ምንጮች በአንድ መስመር ተደርድረው ሲታዩ ብዙ ጊዜ የሚያመለክቱት ይህንኑ ንብብር ነው፤ ከመስመሩ በላይና በታች ያለው መሬትም በካርታው ላይ በቀይ ይቀለማል።

ከድሮ ናዳ የተከማቸ አፈር ላይ የተመሠረተ መንደር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። እንዲህ ያለው መሬት ለስላሳ፣ ለምና ምንጭ የበዛበት በመሆኑ ሰው ይወደዋል፤ ሆኖም አንድ ጊዜ የተንሸራተተ መሬት ጥንካሬው ስለተሰበረ ዳግም ለመንሸራተት ቅርብ ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ በደብረ ሲና አካባቢ ይዛባ ወይን በተባለው ስፍራ የደረሰው ሰፊ የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

ስንጥቅን መለካት

በጉብኝቱ የተገኘ እያንዳንዱ ስንጥቅ መለካት አለበት። አንድ ችካል ከስንጥቁ በላይ ባለው ጽኑ መሬት ላይ፣ ሌላው ከስንጥቁ በታች ይተከላል፤ ሁለቱም ከብት ሲያሻሻቸው እንዳይነቃነቁ ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይቀበራሉ። በእያንዳንዱ ችካል ራስ ላይ ሚስማር ይመታና በሁለቱ ሚስማሮች መካከል ያለው ርቀት እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ይለካል። ሰፊ በሆነ ስንጥቅ ላይ ቢያንስ በሦስት ቦታ፣ ማለትም በመሐልና በሁለቱ ጫፎች፣ እንዲህ ያሉ ጥንዶች ይተከላሉ። ለግድግዳ ስንጥቅ በአግድም በእርሳስ መስመር ማስመርና ቀኑን ከጎኑ መጻፍ፣ ወይም ስንጥቁ ላይ ስስ የጄሶ ንጣፍ ለጥፎ መሰንጠቁን መከታተል በቂ ነው። ጎሐ ጽዮንን ከደጀን በሚያገናኘው የአባይ በረሃ መንገድ ላይ የሀገራችን የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ጋር የመሬቱን እንቅስቃሴ ሲከታተሉ ከተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ከጽኑ መሬት ወደሚንሸራተተው መሬት በተወጠረ ሽቦ የሚሠራ ነው፤ የሁለቱ ችካሎች አሠራርም ከዚህ የተለየ መርህ የለውም።

ልኬቱ በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዝናብ ወቅት በየዕለቱ፣ ከባድ ዝናብ ባለበት ቀን ደግሞ ጠዋትና ማታ ይወሰዳል። ከስንጥቁ ስፋት ይልቅ የሚያስጨንቀው ስንጥቁ የሚሰፋበት ፍጥነት ነው። ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ሚሊ ሜትር፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 9 ሚሊ ሜትር የሰፋ ስንጥቅ፣ ለዓመታት በእኩል ፍጥነት በየወሩ 10 ሚሊ ሜትር ከሚሰፋው ይልቅ ለአደጋ ቅርብ ነው። ፍጥነቱ በተከታታይ ልኬቶች እየጨመረ ከሄደ ለወረዳው ማስታወቅና ከስንጥቁ በታች ያሉ ቤተሰቦችን ማዘጋጀት ይገባል፤ ጠዋት የተለካው ስንጥቅ ማታ በዓይን በሚታይ መጠን ሰፍቶ ከተገኘ ደግሞ ነዋሪው ዕለቱኑ መውጣት አለበት። ስንጥቁ ለዝናብ ክፍት ሆኖ መቆየትም የለበትም፤ በሸክላ አፈር ተሞልቶ በደንብ ይጠቀጠቅና ከላዩ ውኃ የሚያስቀይስ ጎድባ ይሠራለታል። ችካሎቹ ግን በዚህ ሥራ ጊዜ እንዳይነኩ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ዝናብን መመዝገብ

ጎኑ ቀጥ ያለ ማንኛውም ጣሳ የዝናብ መለኪያ ሊሆን ይችላል። ጣሳው ከዛፍና ከቤት ርቆ፣ ቢያንስ የዛፉን ወይም የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ተለይቶ፣ ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ ይታሰራል። በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የውኃው ጥልቀት በማስመሪያ ይለካና ጣሳው ይደፋል። በጣሳው ውስጥ የተገኘ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ዘንቧል ማለት ነው። ተራራ ላይ ዝናብ ከሸንተረር ሸንተረር ስለሚለያይ አንድ ጣሳ መንደሩ ውስጥ፣ ሌላው በተፋሰሱ አናት ላይ መሆኑ ይመረጣል።

ከዕለቱ መጠን ጎን ለጎን የ3 ቀንና የ15 ቀን ድምር በደብተሩ ይሰላል፤ ለሳምንታት ሲዘንብበት የቆየ ተዳፋት ደረቅ ተዳፋት በሚችለው ዝናብ ሊናድ ይችላልና። ኬይን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980 ከተለያዩ አገሮች መረጃ አሰባስቦ ባወጣው ቀመር መሠረት፣ ለ24 ሰዓት ለሚቆይ ዝናብ ጥልቀት የሌላቸው ናዳዎች መከሰት የሚጀምሩበት ወለል ወደ 100 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ እንደ መነሻ ያገለግል እንጂ የአንድ ቀበሌ የማስጠንቀቂያ መስመር ሊሆን አይችልም። የራስን መስመር የማግኛው መንገድ፣ ትንሽም ቢሆን መሬት በተደረመሰ ቁጥር የዕለቱን፣ የ3 ቀኑንና የ15 ቀኑን ዝናብ ከቦታው ጋር መጻፍ ነው። ከጥቂት ክረምቶች በኋላ መዝገቡ ራሱ መስመሩን ያሳያል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው ትንበያ ደግሞ ንባቡን መቼ ማጠናከር እንደሚገባ ስለሚጠቁም፣ መዝጋቢው በየጊዜው ሊከታተለው ይገባል።

መውጣትና መታደግ

መቼ እንደሚወጣ የሚወሰነው በበጋ ነው። በዝናብና በጨለማ መሐል የሚደረግ ስብሰባ ጊዜ ከማጥፋት በቀር ፋይዳ የለውም። የዝናቡ ድምር ወይም የስንጥቁ ፍጥነት የተወሰነው መስመር ላይ ሲደርስ መዝጋቢው ማንንም ሳያስፈቅድ ምልክት የመስጠት ሥልጣን በቀበሌው ቃለ ጉባኤ ይሰጠው። ምልክቱም በስልክ ብቻ እንዳይሆን፤ ኔትወርክና መብራት የሚጠፉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ሌሊት ነው። በየመንደሩ የዕድር ጥሩንባ አለ፣ ሰውም ድምፁን ሰምቶ መውጣት ለምዷል። ለመርዶ ከሚነፋው የተለየ አነፋፍ ተመርጦ በበጋ ልምምድ ቢደረግበት ከዚህ የፈጠነ የማስጠንቀቂያ ዘዴ አይገኝም። የማይራመዱ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ማን እንደሚያግዝ በስም ይጻፍ። ሰው ለከብቱ ሲል ወደ ኋላ እንዳይቀር ወይም እንዳይመለስ፣ ለከብቶቹም አስቀድሞ በረት የሚሆን ቦታ ይዘጋጅላቸው። የመሸሻው መንገድ ሸለቆውን ተከትሎ መውረድ የለበትም፤ የናዳው ጭቃም የሚወርደው በዚያው ነውና ሰው ወደ ጎን፣ ወደ ሸንተረሩ ይውጣ።

ናዳ ከወረደ በኋላ ያለው ሰዓት ከሁሉም የከበደ ነው። የመጀመሪያው ናዳ የተዳፋቱን ግርጌ ሲያነሣው በላይ የቀረው መሬት ድጋፉን ያጣል፤ አዲስ የተከፈተው ገደል ደግሞ ውኃ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ማንም ሰው ወደ ጭቃው ከመግባቱ በፊት ሁለት ሰዎች ገደሉን ከጎን በኩል፣ ከናዳው መንገድ ውጪ ሆነው እንዲመለከቱ ይመደባሉ። ሥራቸው ዓይናቸውን ከገደሉ አለመንቀል ነው፤ ድንጋይ ሲንከባለል፣ አዲስ ስንጥቅ ሲከፈት ወይም ከሥር ጭቃ ውኃ ሲወጣ ካዩ ወዲያው ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ቆፋሪውም ሁሉ አስቀድሞ በታየው መውጫ ይሸሻል። በአንድ ጊዜ የሚቆፍሩት ጥቂት ሆነው በየተራ ይለዋወጡ፤ የቀረው ሕዝብ ምንም ያህል ልቡ ቢቸኩል ከናዳው ሜዳ ውጪ ይቆይ። ዝናቡ ካላቆመ ወይም ገደሉ በጨለማ ካልታየ መቆፈር ሌሎች ሰዎችን መጨመር ነው። ይህን የሚያስከብር በሕዝቡ ዘንድ የተከበረ ሰው፣ የሃይማኖት አባት ወይም የዕድር ዳኛ፣ አስቀድሞ ተመርጦ መታወቅ አለበት፤ የተቀበረውን የሚያለቅስለት ቤተሰብ ፊት ቆሞ “ቆዩ” ማለት ለወጣት ሠራተኛ የሚቻል ነገር አይደለም።

ወንዙንና ደለሉን መከታተል

በድሬዳዋ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ጎርፉ የመጣው ከከተማዋ በላይ ካሉት የሐረርጌ ደጋዎች ነው። በቆላ ለሚኖር ሰው የራሱ ሰማይ ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆነውም። በመሆኑም የወንዝ ክትትል ላይና ታች ሆኖ መደራጀት አለበት። በላይኛው ተፋሰስ በድልድይ ምሰሶ ወይም በጽኑ ድንጋይ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቁጥር ይቀባል፤ የላይኛው አንባቢ ውኃው ለማስጠንቀቂያ በቀይ የተቀባው መስመር ላይ ሲደርስ ይደውላል፣ የታችኛው ደግሞ ጎርፉ የደረሰበትን ሰዓት ይመዘግባል። ከጥቂት ጎርፎች በኋላ በመካከሉ ያለው ጊዜ ይታወቃል። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ጎርፍ 10 ኪሎ ሜትር ለማቋረጥ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም፤ የሚወጣው ሰው ብዛት ከዚህ ጊዜ ጋር ይመዘን። የሚፈስ ጎርፍ ቁርጭምጭሚት አልፎ ከወጣ አዋቂን ሊጥል ስለሚችል በእግርም በመኪናም መሻገር መከልከል አለበት።

አንድ ምልክት ግን ከሁሉ ይልቅ መታወቅ ይኖርበታል። ዝናቡ እየዘነበ የወንዙ ውኃ በድንገት ከቀነሰ፣ ከላይ ናዳ ወንዙን ዘግቶ ሐይቅ እየሠራ ሊሆን ይችላል። ግድቡ ሲሰበር የሚወርደው ጎርፍ ከወትሮው ጋር የሚነጻጸር ስላልሆነ፣ ወንዝ ዳር ያለ ሰው ውኃው በመቅለሉ ደስ ብሎት ሊሻገር ሲነሣ ወደ ከፍታ እንዲወጣ መነገር አለበት። ውኃው በድንገት እጅግ ከደፈረሰ፣ ግንድ ካመጣ፣ የአፈር ሽታ ከሸተተ ወይም ከላይ የጉርምርምታ ድምፅ ከተሰማ እንዲሁ ይደረጋል።

ደለልን ለመለካት በሀገራችን የቆየ ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድና በጎጃም አንጀኒ በመሳሰሉ አነስተኛ ተፋሰሶች ላይ ጣቢያዎችን አቋቁሞ ነበር። የአንጀኒው ተፋሰስ ስፋት 113 ሄክታር ብቻ ነው። አሠራሩ ዛሬም ሊቀዳ ይችላል፦ የወንዙ ውኃ ቡናማ ሲሆን በየ10 ደቂቃው የ1 ሊትር ናሙና ይቀዳል፣ መጥራት ሲጀምር ልዩነቱ ወደ 30 ደቂቃ ይሰፋል፣ ሲጠራ ይቆማል። ናሙናው ተጣርቶና ደርቆ ይመዘናል፤ ሚዛን በሌለበት አንድ ዓይነት ጠርሙሶችን አንድ ቀን አቁሞ የዘቀጠውን አፈር ውፍረት በማስመሪያ መለካት ለንጽጽር ይበቃል። በተመሳሳይ ዝናብ ዝቃጩ ካለፈው ጎርፍ እጅግ ከጨመረ በላይ አዲስ ቦረቦር ወይም ናዳ ተከፍቷልና ሰው ሄዶ ይይ።

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ደግሞ ከድልድዩ እጀታ ወይም በሁለት ችካሎች መካከል ከተወጠረ ሲባጎ ላይ በየሜትሩ እስከ ወንዙ አልጋ ያለው ጥልቀት ይለካል። አልጋው በግማሽ ሜትር ከፍ ካለ የአምናው ቀይ መስመር ዛሬ ያዘናጋል፤ ተሽሮ ዝቅ ብሎ እንደገና መቀባት አለበት። ደለል የሚያደርሰውን ጥፋት ለመገመት የቆቃ ግድብ ሐይቅ ከተፋሰሱ በሚገባው አፈር ውኃ የመያዝ አቅሙ ምን ያህል እንደተመናመነ ማስታወስ ይበቃል።

ውኃውን ማስገባት ወይስ ማስወጣት

በየዓመቱ በሕዝብ ንቅናቄ የሚሠራው እርከንና የውኃ ማቆሪያ ጎድባ አፈር በመጠበቅ ረገድ ትልቅ ውለታ ውሏል። ነገር ግን በቀይ በተቀለመው፣ ሊንሸራተት በሚችል ተዳፋት ላይ ይኸው ሥራ አደጋውን ያባብሳል፤ ጎድባው የያዘው ውኃ ወደ ሸክላው ንብብር ሰርጎ መሬቱን ያከብደዋል፣ ያለሰልሰዋልም። የሜትር ኮታ ለማሟላት ሲባል እንዲህ ባለ መሬት ላይ ማቆሪያ መቆፈር ፈጽሞ መቆም አለበት። በዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ውኃው ሳይሰርግ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ከስንጥቁ አናት በላይ፣ በጽኑው መሬት ላይ፣ በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ እስከ 1 ሜትር ዝቅ የሚል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ቦዩ የሚያፈስበት ቦታ ድንጋይ የተነጠፈበት ወይም ሣር የለበሰ መፋሰሻ ካልሆነ ግን ችግሩን ወደ ጎረቤት ማሳ ማዛወር ይሆናል። ምንጮቹ በቧንቧ ወደ ውጪ ይመራሉ፤ የሚያፈስ የመስኖ ቦይና የቤት ኩሬም ይጠገናል ወይም ይነሣል። የተዳፋቱን ግርጌ ለመንገድ ወይም ለቤት መቁረጥ፣ አናቱ ላይም ድንጋይና አፈር መከመር ይከለከላል። ቬቲቨርና ደሾ ሣር፣ እንዲሁም ሥሩ የሚጠልቅ ዛፍ የላዩን አፈር ይይዛሉ፤ መንሸራተቻው ንብብር ከሥር በታች በጥልቀት ካለ ግን በዛፍ መተማመን አይቻልም፤ ከዚያ የሚበጀው ነዋሪውን በፈቃዱና በቂ መሬት ተሰጥቶት ማስፈር ነው።

ቦረቦሩን ለመግታት ሥራው ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። በክትሮች፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጠው ውኃውን በሚያዘገዩ ትንንሽ ግድቦች፣ መካከል ያለውን ርቀት ለማግኘት የክትሩ ቁመት በ1.2 ተባዝቶ ለቦረቦሩ የቁልቁለት ምጣኔ ይካፈላል፤ ቁመቱ 1 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 15 በመቶ (0.15) ከሆነ ርቀቱ 8 ሜትር ይሆናል። ክትሩ ድንጋይም ሆነ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ) ቢሆን ወደ ሁለቱም ዳርቻ በደንብ ተቆፍሮ መግባት፣ መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ብሎ ውኃ ማሳለፍ፣ ከሥሩም ፍሰቱ የሚያርፍበት የድንጋይ ንጣፍ ሊኖረው ይገባል። ብዙ ክትሮች የሚፈርሱት በጎናቸው ውኃ ዞሯቸው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግሥት ልማት ሠራተኛውና ሁለት ገበሬዎች አካፋና ድንጋይ መሸከሚያ ይዘው ክትሮቹን አንድ በአንድ ይዩ፤ በጎን የተከፈተውን ይድፈኑ፤ በስተጀርባ የተከማቸውን ደለል ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ለክተው በዚያው የዝናብ ደብተር ላይ ይጻፉ።